ሳፋ ሙሉ ክሬተር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፦ ዝግጅት

ጥያቄው አጭር ነው። አሸዋ ላይ ኳስ ጥለን የምናገኘው ጉድጓድ ስለ ጨረቃ ክሬተሮች፣ ማለትም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ስለፈጠራቸው ክብ ጉድጓዶች፣ ምን ያህል እውነት ይናገራል? ሙከራው የታወቀ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ይሠራል። ኳስ ይጣላል፣ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ "ክሬተር ማለት ይኸው ነው" ተብሎ ያልቃል። እኔን የሚያጓጓኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አሸዋው እስከ የት ድረስ ይታመናል? ከየት ጀምሮስ ይዋሻል?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሰፊና ጥልቅ ሳፋ። በደንብ የደረቀና በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ። ለቀለም የሚሆን የተፈጨ ጡብና ነጭ የጠመኔ ዱቄት። ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ የብረት ኳሶች፣ ትልቁ ከዳር እዳር 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 65 ግራም ገደማ። ትንንሽ ብዮች። ሜትር፣ ማስመሪያ፣ መሰላል። ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ስልክ። መነጽርና ማስክም ያስፈልጋል፤ አሸዋው ዓይን ውስጥ፣ ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ መግባት ይወዳል።

አሸዋው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ከዚያ ካነሰ ኳሱ የሳፋውን ወለል ያገኘዋል፣ ልኬቱም ይበላሻል። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ አሸዋውን እስከ ታች ማማሰል፣ ከዚያ በጠፍጣፋ እንጨት መደልደል ግድ ነው። የተጠቀጠቀ አሸዋ ጉድጓዱን ያሳንሳል። አሰልቺው ሥራ ይሄ ነው፤ ከውርወራው ይልቅ ማማሰሉ ነው ጊዜ የሚበላው።

ሙከራው ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራው እርጥብ ሸክላ ላይ ጥይት ሲጥል የሚፈጠረው ጉድጓድ የጨረቃን እንደሚመስል ጽፏል። አልባስተር የሚባል ጀሶ መሰል ድንጋይ ዱቄትም አፍልቶ፣ አረፋው ሲፈነዳ የሚተወውን ክብ አይቷል። ከሁለቱ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። የሚወድቀው ነገር ከየት ሊመጣ እንደሚችል አልታየውም ነበር። አይፈረድበትም። በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት አስትሮይድ የሚባሉ አለታማ አካላት የመጀመሪያው፣ ሴሬስ፣ የተገኘው በ1801 ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ከፍታና ስፋት

ትልቁን ኳስ ከ25 ሴንቲ ሜትር ስጥለው የጉድጓዱ አፍ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከ1 ሜትር ሲሆን ከ11 ትንሽ ይበልጣል። መሰላል ላይ ወጥቼ ከ4 ሜትር ስለቀው 15.5 አካባቢ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከፍታው 16 እጥፍ አደገ፤ ጉልበቱም እንዲሁ። ጉድጓዱ ግን እጥፍ ለመሆን እንኳ ትንሽ ቀረው። ምክንያቱ ደስ ይላል። ጉድጓዱ በስፋት እጥፍ ሲሆን በጥልቀትም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መውጣት ያለበት አሸዋ 8 እጥፍ ነው። ያ ሁሉ አሸዋ ደግሞ ከጉድጓዱ ለመውጣት እጥፍ ከፍታ መነሳት አለበት። 8 ሲባዛ በ2፣ 16። ሂሳቡን የሚያስከፍለው የስበት ኃይል ነው ማለት ነው።

በእውነተኞቹ ትልልቅ ክሬተሮችም ወሰን የሚያበጀው ስበት ነው። ቀመሩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የጃፓኗ መንኮራኩር ሀያቡሳ 2 አለችላችሁ። በሚያዝያ 2019 ሪዩጉ በተባለች አስትሮይድ ላይ 2 ኪሎ የሚመዝን መዳብ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተኮሰች። የተገኘው ጉድጓድ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ነበረው። የሪዩጉ ስበት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ አፈሩን መልሶ የሚጎትተው የለም። እዚሁ ምድር ላይ በዚያው መዳብ አሸዋ ቢመታ ጉድጓዱ ከዚያ እጅግ ያንስ ነበር።

እስከዚህ አሸዋው ታማኝ ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ። ሙከራው ሲያልቅ ኳሱን ከጉድጓዱ ታች ቆፍሬ አወጣዋለሁ። ጭረት እንኳ የለውም። ከ4 ሜትር የወደቀ ኳስ አሸዋውን ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። ምድርን የሚመታ አስትሮይድ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። ልዩነቱ ወደ 2 ሺህ እጥፍ ነው፤ ጉልበት ደግሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ በእያንዳንዱ ግራም 4 ሚሊዮን እጥፍ ግድም ይመጣል። በ17 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ 1 ኪሎ ድንጋይ ከ30 ኪሎ በላይ ቲኤንቲ የሚባል ፈንጂ ያህል ጉልበት ይዟል። እንዲህ ያለ ነገር አፈር ገፍቶ አይቆፍርም። ይፈነዳል።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ሁለት ብርቱ ሰዎችን አሳስቷል። በአሪዞና በረሃ 1.2 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ 170 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። ዛሬ ሚቲየር ክሬተር ይባላል። ጂኦሎጂስቱ ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1891 ሄዶ መረመረው። ከወለሉ ሥር ትልቅ ብረት ካለ የኮምፓስ መርፌ ሊታወክ ይገባል ብሎ አሰበ። መርፌው አልታወከም። ስለዚህ ከመሬት ውስጥ የፈነዳ እንፋሎት ነው ብሎ ደመደመ። ከ1903 ጀምሮ ደግሞ ዳንኤል ባሪንጀር የሚባል የማዕድን ሰው ተነሳ። እሱ ግጭት መሆኑን አልተጠራጠረም፤ በዚህም ትክክል ነበር። ብረቱ ግን ታች ተቀብሮ ይጠብቀኛል ብሎ ገንዘቡን ለዓመታት በቁፋሮ ጨረሰ። በ1929 የሥነ ፈለክ ሊቁ ፎረስት ሬይ ሞልተን የወደቀው ነገር አብዛኛው ተንኖ እንደጠፋ በስሌት አሳየ። ባሪንጀር በዚያው ዓመት አረፈ።

ልብ በሉ፤ አንዱ ግጭት አይደለም አለ፣ ሌላው ነው አለ። ሁለቱም ግን ሲፈልጉ የነበረው የኔን ኳስ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። በሳፋዬ ውስጥ ጉድጓዱ ከኳሱ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ይሰፋል። አሪዞና ላይ የወደቀው ብረት ወደ 50 ሜትር ይገመታል፤ ጉድጓዱ 1,200 ሜትር ነው። በመጋቢት 2013 ጨረቃ ላይ ከምድር ሳይቀር የታየ ብልጭታ ነበር። የወደቀው ድንጋይ 40 ኪሎ ገደማ ተገምቷል። በኋላ መንኮራኩር ቦታውን ስታነሳው 18 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ ተገኘ። በፍጥነት የሚመጣ ትንሽ ነገር ብዙ ይሠራል።

እሁድ፦ በስሎው ሞሽን

ዛሬ ቀለም ገባ። ከታች ተራ አሸዋ፣ ከላዩ ስስ የጡብ ዱቄት፣ ከሁሉም በላይ ነጭ ጠመኔ። ስልኩን ከጎን አቆምኩት።

ቪዲዮው ላይ የሚታየው በዓይን ከሚታየው ሌላ ነው። አሸዋው ዝም ብሎ አይበተንም። ከኳሱ ዙሪያ በ45 ዲግሪ ገደማ ተነስቶ ቀጭን ግድግዳ ይሠራል። ግድግዳው ወደ ላይ የሚሰፋ ነው፤ እየሰፋም ወደ ውጭ ይሄዳል። መጀመሪያ ከመሃል የሚወጣው ፈጣን ነው፣ ሩቅ ይደርሳል። መጨረሻ ከዳር የሚነሳው ዘገምተኛ ነው፣ እዚያው አፋፉ ላይ ይተኛል። የክሬተር ከንፈር ከፍ ብሎ የሚታየው አንድም መሬቱ ራሱ ስለሚገፋ፣ አንድም ይህ የዘገየው አፈር ስለሚቆለልበት ነው።

ከዚያ ጉድጓዱን በውሃ መርጫ ቀስ አድርጌ አረጠብኩትና በቀጭን ቆርቆሮ መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። የዚህ ሥራ ምርጡ ምስል ይሄ ይመስለኛል። ከንፈሩ ላይ የቀለሙ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ከታች የነበረው አሸዋ ከላይ፣ ጡቡ ከመሃል፣ ነጩ ከሥር። ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ውጭ ተገልጧል።

ጂኦሎጂስቱ ዩጂን ሹሜከር በአሪዞናው ጉድጓድ ከንፈር ላይ ያየው ይህንኑ ነው። የዓለቱ ንብርብሮች በተቃራኒ ተደርድረው አገኛቸው። በኔቫዳ የኒውክሌር ሙከራ ጉድጓዶችንም አጥንቶ ስለነበር ምልክቱን ያውቀዋል። በ1960 ደግሞ ከኤድዋርድ ቻኦ ጋር ኮይሳይት የሚባል የኳርትዝ ዓይነት በዚያው ቦታ መገኘቱን አሳተመ። ኮይሳይት ለመፈጠር ከ20 ሺህ አትሞስፌር በላይ ግፊት ይፈልጋል። እዚያ አካባቢ በእሳተ ገሞራም በእንፋሎትም እንዲህ ያለ ግፊት ላይ ላዩን አይገኝም። ክርክሩ በዚሁ አለቀ ማለት ይቻላል።

የተገለበጠውን ንብርብር ሳፋው በትክክል ያሳያል። ኮይሳይቱን ግን ከሳፋ አትጠብቁ።

ሰኞ ማታ፦ ጮራዎቹ

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በደቡቧ በኩል ከአንድ ነጥብ የሚበተኑ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። ነጥቡ ታይኮ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አይርቅም፤ ለጨረቃ ይህ የትናንት ነው። መስመሮቹ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ።

በሳፋዬ ውስጥ ግን ጮራ የለም። የተበተነው ጠመኔ በጉድጓዱ ዙሪያ እኩል ይተኛል። ከፍታውን ብጨምር ያው ነው። ኳሱን ብቀይር ያው።

መልሱ የተገኘው በ2018 ከጃፓኑ ኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም በወጣ ጥናት ነው፤ ታሪኩም ያስቃል። ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ አሸዋውን በጥንቃቄ ስለሚደለድሉ ጮራ አያገኙም ነበር። ተማሪዎች ኢንተርኔት ላይ በጫኗቸው ቪዲዮዎች ግን ጮራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ ተማሪዎቹ አሸዋውን አለመደልደላቸው ነው! ገጹ ወጣ ገባ ሲሆን ኳሱ በሚነካቸው ትንንሽ ሸለቆዎች አሸዋው ተሰብስቦ በመስመር ይወረወራል። የጮራዎቹን ቁጥር የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኳሱ ስፋትና በሸለቆዎቹ መካከል ያለው ርቀት።

እንጨቱን አስቀምጬ ገጹን በጣቴ ጫፍ ወጣ ገባ አደረግሁት። በመጀመሪያው ውርወራ ጮራ መጣ። ረጃጅም፣ ሹል፣ ልክ እንደ ታይኮ። ትልቁ ኳስ ከብዩ የበለጠ ብዙ ጮራ ያወጣል፤ ይህም ከጥናቱ ጋር ይገጥማል። ሰው ቤት ለመሞከር አንድ ነገር ብቻ ጊዜ ካለው ይሄኛውን እመክራለሁ። ደግሞም ድልደላ አይጠይቅም።

ረቡዕ፦ በስላች

የፕላስቲክ ቱቦ መሰላሉ ላይ አዘንብዬ አሰርኩ። ኳሱ በቱቦው ወርዶ አሸዋውን በስላች ይመታል። 45 ዲግሪ ላይ ጉድጓዱ በአንድ በኩል ከንፈሩ ይወፍራል፣ ትንሽም ይሞላላል። ወደ 20 ዲግሪ ሳወርደው ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ ቦይ ይሆናል፤ ኳሱም ዘሎ ይወጣል።

ሳፋው በግልጽ የሚዋሸው እዚህ ነው። ውሸቱም ታሪካዊ ነው። ድንጋይ ከሰማይ ሲወድቅ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ከሁሉ የሚበዛው በ45 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳፋው እውነት ቢሆን ኖሮ ጨረቃ በሞላላ ጉድጓዶች ትሞላ ነበር። ግን አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ጊልበርት የጨረቃ ክሬተሮች ከግጭት የመጡ ናቸው ብሎ በ1893 ሲጽፍ ይህ ክብነት እጅግ አስቸግሮታል። ብዙ ሌሎችም በዚሁ ምክንያት እሳተ ገሞራን መርጠዋል።

መፍትሔው ቅድም ያልኩት ፍንዳታ ነው። ኤስቶኒያዊው ኤርንስት ኦፒክ በ1916፣ የኒውዚላንዱ ጊፎርድ ደግሞ በ1924 ጻፉት። በዚያ ፍጥነት የመጣ ነገር ወዲያው ይቆማል፤ ጉልበቱ ወደ ግፊት ሞገድና ሙቀት ይለወጣል። ሞገዱ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። አፈሩን የሚወረውረው ሞገዱ ነው፣ ድንጋዩ አይደለም። ስለዚህ ድንጋዩ ከየት በኩል እንደመጣ ጉድጓዱ ደንታ የለውም። ጉድጓዱ የሚሞላለው ከ15 ዲግሪ በታች፣ መሬቱን እየጫረ ሲመጣ ነው። ጨረቃ ላይ ሜሲየር የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፤ ሞላላ ነው፣ ጮራዎቹም በጎንና በጎን ብቻ ተዘርግተዋል።

ሐሙስ፦ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ላይ

አልፍሬድ ቬገነርን ብዙ ሰው የሚያውቀው አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ በማለቱ ነው። ስለ ጨረቃ ክሬተሮች በ1921 ያሳተመው ጥናት ግን ብዙም አይነሳም። በሙከራው ጠንካራ ኳስ አልተጠቀመም። የሲሚንቶ ዱቄት በማንኪያ ይዞ የሲሚንቶ ዱቄት ላይ ጣለ። ከዚያ ውሃ ነካ አድርጎ ሲደርቅ ለካው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጠፈር ላይ የሚጋጩ ነገሮች ከሚመቱት መሬት የተለየ ጥንካሬ ስለሌላቸው፣ ኳሱም መሬቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ ነው ያለው።

እኔም ሞከርኩት። ውጤቱ ከብረቱ ኳስ በጣም ይለያል። ጉድጓዱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ አንዳንዴም መሃሉ ላይ ጉብታ ይቀራል። በቅርጽ ረገድ ጨረቃን የሚመስለው ይሄኛው ነው። ጉብታው ግን ያጓጓል እንጂ አያሳምንም። የኔ ጉብታ የወደቀው ዱቄት ራሱ ነው። የታይኮ ጉብታ ከታች የወጣ ዓለት ነው።

ቅዳሜ፦ ውሃ

የመሃል ጉብታን ለማየት አሸዋውን ትቼ ወደ ውሃ ሄድኩ። ጎድጓዳ ሳህን፣ ውሃ፣ ጠብታ፣ ስልክ። ጠብታው ሲወድቅ ጉድጓድ ይከፈታል፤ ግድግዳው ይወድቃል፤ ከመሃል ዓምድ ይነሳል፤ ተመልሶ ይሰምጣል። ሁሉም ከዓይን ጥቅሻ በታች።

ትልልቅ ክሬተሮች ላይ ዓለቱ እንዲህ ነው የሚሆነው። ትንሹ ክሬተር ቀላል ጎድጓዳ ነው፣ ጥልቀቱ የስፋቱ አንድ አምስተኛ ያህል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ግድግዳው ክብደቱን መሸከም አይችልም። እየተንሸራተተ ደረጃ ይሠራል፣ ወለሉ ይነሳል፣ መሃሉ ይቆማል። ወሰኑን የሚያበጀው አሁንም ስበት ነው። ጨረቃ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት አካባቢ ነው። ስበቷ ስድስት እጥፍ በሚበልጠው ምድር ላይ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይበቃል። የታይኮ ጉብታ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ እንዲህ ያለው ጉብታ የሚቆመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የበለጠ ሲገዝፍ ጉብታውም ይፈርስና ቀለበት ይሆናል። ኦሪየንታል የተባለው የጨረቃ ተፋሰስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ባለ ብዙ ቀለበት ነው።

ዓለት እንዴት እንደ ውሃ ይፈስሳል? ጄይ ሜሎሽ በ1979 ያቀረበው ሐሳብ፣ የግጭቱ ንዝረት የተሰባበረውን ዓለት ለጥቂት ጊዜ ከሰበቃ ነጻ ያወጣዋል የሚል ነው። ንዝረቱ ሲያቆም ዓለቱ እንደ ቆመ ይቀራል። ውሃው ይህን የመጨረሻ ክፍል አያሳይም፤ ሁልጊዜ ተመልሶ ይተኛል።

እሁድ፦ ስስ አሸዋ

የመጨረሻው ሙከራ የተወሰደው ከቨርን ኦበርቤክና ዊሊያም ኳይድ ነው። በ1960ዎቹ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ የናሳ ኤምስ ማዕከል ሰዎች አንድ ጥያቄ ነበራቸው። የጨረቃ ልቅ አፈር ምን ያህል ይወፍራል? ሄዶ መቆፈር አይቻልም። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ጠንካራ ንጣፍ ላይ ልቅ አሸዋ አልብሰው በፍጥነት ተኮሱበት። አሸዋው ወፍራም ሲሆን ጉድጓዱ ተራ ጎድጓዳ ሆነ። ሲሳሳ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ። ይበልጥ ሲሳሳ በጉድጓዱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ፣ ቀለበት በቀለበት ሆነ። ከዚያ የጨረቃን ፎቶ አውጥተው የትንንሽ ክሬተሮችን ቅርጽ አዩ፣ የአፈሩንም ውፍረት ገመቱ። ጥቁሮቹ ሜዳዎች ላይ ጥቂት ሜትር ነው፤ ደጋዎቹ ላይ ይበልጣል።

ሳፋው ውስጥ ጀሶ አፍስሼ አደረቅሁ። በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ሲኖር ኳሱ ከ1 ሜትር የተለመደውን ጎድጓዳ ሠራ። 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ጀሶው ነጭ ሆኖ ይታያል። 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ኳሱ ጀሶውን ነካ፣ ነጠረ፣ አሸዋውን ከፈት አድርጎ ከሳፋው ወጣ። ቀለበት በቀለበቱ አልመጣም። ለዚያ ጀሶውን የሚሰብር ፍጥነት ያስፈልጋል፤ መሰላል አይበቃውም፣ መድፍ ይፈልጋል።